በሰማይ ላይ መሳለም

ማኅበር ሲባል እኔ የማውቀው የጽዋ ማኅበር ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቄስ ይባርካል፣ በወር በወሩ የአንድ ቅዱስ ስም ይጠራል። ጣሊያኖቹ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው «የበራሪዎች ማኅበር አቋቋምን» ሲሉ፣ ጎረቤቴን ወለተ ጊዮርጊስን «ለመሆኑ የማንን ጽዋ ነው የሚጠጡት?» ብዬ ጠየቅኋት። «የሳጥናኤልን ነዋ! እሱም ከሰማይ ነው የወረደው» አለችኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና መሳቅ እንችል ነበር።

ማኅበርተኞቹ የአይሮፕላን መኮንኖች ናቸው። በአዘቦት ቀን በአርበኛው ላይ ቦምብ የሚጥሉት እነሱ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰማይ ላይ እየተገለባበጡ የሚጫወቱት እነሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስተርጓሚያቸው ገብረአብ ገበያው መሐል በርሜል ላይ ይወጣና የማኅበሩን ወሬ ይለፍፋል። ባለፈው እሑድ እሽቅድምድሙን ማን እንዳሸነፈ፣ በሚመጣው እሑድ ስንት አይሮፕላን ጣርማ በር ደርሶ እንደሚመለስ፣ ግራማፎን እንደሚዘፍን፣ ከሰማይ ከረሜላ እንደሚበተን ይነግረናል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያክላል፦ «ሕዝቡ ንጹሕ ለብሶ ይምጣ፤ የቀረ ምክንያቱን ይናገራል።» ከረሜላው ሳይሆን ይህቺ ቃል ነበረች ሁላችንንም ሜዳው ላይ የምታሰልፈን።

በ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ ገብሴን ዘርግቼ ገበያ ተቀምጬ ሳለ ገብረአብ እንደ ልማዱ በርሜሉ ላይ ወጣ። የእሽቅድምድሙን ወሬ ጨረሰና ወረቀቱን ገለበጠ።

«ማኅበሩ ለአገሬው ሰው ያለውን ፍቅር ሊያሳይ ፈልጓል። ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ አንድ ቄስ ከነባለቤታቸው በአይሮፕላን ይሳፈራሉ። አንኮበርን አልፈው፣ የአልዩ አምባን ቁልቁለት ጎብኝተው ይመለሳሉ። ፎቶግራፍም ይነሣሉ። የተመረጡት የሥላሴው ቄስ ዘርአ ዳዊትና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና ናቸው።»

ወለተሐና እኔ ነኝ። መስፈሪያው ከእጄ ወድቆ ገብሱ ውስጥ ተቀበረ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚደረገው። ጣሊያን ሰው ከሰማይ ወርውሮ እንደሚጥል ሁሉም ሰምቷል። ወለተ ጊዮርጊስ እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ገብረአብ ከበርሜሉ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ልብሱ የፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ግን የቤተ ክህነት ነው፣ የደብተራ ልጅ ነውና። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እጅ ነሣኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት እሜቴ። አባም የታደሉ ናቸው፤ ስንቱን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ይሳለማሉ!» አለኝና ፈገግ አለ።

«ያክብርህ» አልኩት ጥርሴን ነክሼ። ፈገግታው ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ። ይኸው ሰው በክረምቱ ቄሴን መንገድ ላይ አስቁሞ «አባ፣ ቂርቆስ ሲቃጠል ታቦቱ ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለውት አለፉ።

እግዚአብሔር ብቻ አይደለም፤ እኔም አውቃለሁ። ቂርቆስ ከአንኮበር በታች፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የነበረ የቄሴ ደብር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አይሮፕላን አቃጠለው። ቄሴ ጣራው በላያቸው እየነደደ ገብተው ታቦቱን አወጡ፤ ከደብሩ ራቅ ብሎ ቀይ ገደል ላይ ባለ ዋሻ አኖሩት። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። ታቦቱን የሚጠብቀው ወንድሜ ብርሃነ መስቀል ነው፤ ከጥቂት አርበኞችና ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር። እናታችን ከወለደቻቸው የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ዋሻው ከመንገድ አይታይም። ከሰማይም አይታይም፣ ሰው ካላመለከተው በቀር።

ቤት ስገባ ቄሴ ከሥላሴ እየተመለሱ ነበር። ነገሩን ሰምተዋል። አረማመዳቸው እንደ ወትሮው ቀስ ያለ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ አጥሩን ከማለፋቸው በፊት ወደ ሥላሴ ዞር ብለው አማተቡ። ሁለት እርምጃ ሄዱና በሩቁ የማርያም ዛፎች ሲታዩ ደግመው አማተቡ። ያን ጊዜ የገብረአብ ፈገግታ ገባኝ፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የቄሴ እጅ የራሱ ነፍስ ያለው እጅ ነው። እያወሩም፣ እየተቆጡም፣ እንቅልፍ እያዳፋቸውም ቤተ ክርስቲያን ካዩ እጃቸው ብቻውን ተነሥቶ ግንባራቸው ላይ ይሄዳል። ጧት ጧት ደግሞ ከማንም በፊት ይነሡና በረንዳው ጥግ ቆመው ወደ አንኮበር በኩል ፊታቸውን መልሰው ይሳለማሉ። ለማን እንደሚሳለሙ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፈረንጅ ይህን አያስተውልም፤ ሽማግሌ ዝንብ የሚከላከል ይመስለዋል። የደብተራ ልጅ ግን ዛፍና ጣራ በሌለበት ባዶ ገደል ላይ ቄስ ሲያማትብ ካየ፣ እዚያ ምን እንዳለ ነጋሪ አያሻውም።

«ቄሴ፣ እጅዎን አዩት?» አልኳቸው።

«ምን ሆነ?»

«ከአጥሩ እዚህ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ተሳለሙ።»

«እኔ?» አሉ። እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ሲገረጣ አየሁ፤ እሳቸውም ገባቸው።

«ብንቀርስ?» አልኩ።

«ምክንያታችንን እንናገራለን» አሉኝ። ከዚህ በላይ ስለ መቅረት አልተነጋገርንም።

ሰኞ ያሕያ መጣ። ያሕያ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ጨው በአህያ ይዞ ይወጣል፣ የወንድሜንም ደኅንነት ከበርበሬው ጋር ያመጣልኛል። ሁሉንም ነገርኩትና «ሂድና ከዚያ ዋሻ ይውጡ በላቸው» ብዬ ለመንኩት።

ያሕያ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ እህቴ ሐና፣ መንገዱን ሶላቶ ይዞታል፤ እኔንም ዛሬ ለጭንቅ ነው ያሳለፉኝ። ብደርስስ? ሰዎቹ ይሸሻሉ፤ ታቦታችሁን ማን ይንካው? መነኩሴው አልጋ ላይ ከወደቁ ወር ሆናቸው። ያለ ካህን አይነሣም፤ ብርሃነ መስቀልም ጥሎት አይሄድም። ይህን እኔ እስላሙ ላስረዳሽ?»

እውነቱን ነው።

«አላህ ያውጣችሁ» አለና አህያውን ነዳ።

እንግዲህ የቀረን እጁን መግራት ብቻ ነበር። ቄሴን መደብ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። «አንኮበር መድኃኔዓለም!» እላለሁ፤ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ ይጀምራል። «ቄሴ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ይመልሱታል። «ሚካኤል!» እላለሁ፤ ይነሣል። መዳፋቸው ላይ እንዲቀመጡ አደረግኩ፤ ትከሻቸው ይነቀነቃል፣ ራሳቸው ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ተናደድኩና በያዝኩት ማማሰያ እጃቸውን መታሁት። የቄስ እጅ! እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ መስቀል የሚይዙበትን ጣታቸውን እያሻሹ «ስድሳ ዓመት የለመደውን በስድስት ቀን አታስረሺውም፣ ሐና» አሉኝ።

«ታዲያ ወንድሜን ላስገድል?»

ሳምንቱን ሙሉ ስጮህባቸው፣ ስለምናቸው፣ ሳለቅስባቸው ዝም ብለው አሳለፉኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው እሑድ ደረሰ።

ሜዳው በሰው ሞልቷል። ማኅበሩ ድንኳኑን በባንዲራ አሸብርቆታል፤ ግራማፎኑ አንዲት ሴት ያስለቅሳል። ሰዉ ንጹሕ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ቆሟል። ቄሴ ካባቸውን ደርበው፣ ጠምጥመው፣ ጥላቸውን ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። እኔንም አጠገባቸው አቆሙኝ። አይሮፕላኑ ሆደ ሰፊ ነው፤ በጎኑ በር አለው። ካፒቴኑ ወጣት ነው፤ እጁን ዘርግቶ ደግፎ አሳፈረኝ። ጥፍሩ ንጹሕ ነበር። ቂርቆስን ያቃጠለው ይህ እጅ ይሆን እያልኩ ያዝኩት።

ውስጡ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር አለው። እኔና ቄሴ በአንድ በኩል በመስኮቱ ሥር ተቀመጥን፤ ገብረአብ ፊት ለፊታችን፣ ጉልበቱ ጉልበታችንን ሊነካ እስኪቀርብ ድረስ። መስኮቱን አላየም። የሚያየው የቄሴን እጅ ነው።

ሞተሩ ሲጮህ የማርያምን ስም ጠራሁ፤ የራሴን ድምፅ ግን አልሰማሁትም። ሆዴ እታች ቀርቶ እኔ ወደ ላይ ሄድኩ። ቄሴን ዞር ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አጥብቀው፣ ግንባራቸው እስኪሸበሸብ። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ከንፈራቸው ዳዊት ይደግማል። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። በእሳት ውስጥ ገብቶ ታቦት ያወጣ ሰው በሕፃን ፍርሃት እንዲህ ይሆናል ብዬ ተናደድኩባቸው።

ገብረአብ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ ጮኸ። «አባ፣ ይግለጡ እንጂ! ሥላሴ ከታችዎ ነው! አይሳለሙም?»

«ራሴን አዞረኝ፣ ልጄ» አሉት፣ ሳይገልጡ።

«አባ፣ አንኮበር ደረስን! መድኃኔዓለም ይኸው!»

«አዞረኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አዬ ቄሴ! ሳምንቱን ሙሉ እጃቸውን ስቀጣ፣ እሳቸው ብልሃቱ ዓይናቸው ላይ እንዳለ አውቀው ዝም ብለዋል። ያላየ ዓይን እጅን አያዝም። ነገ ከተማው ሁሉ «ጨፋኙ ቄስ» ብሎ ሊስቅባቸው ነው፤ እሱንም ያውቁታል። ወንድሜ ተረፈ ብዬ በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ።

አገሬን ከላይ አይቼው አላውቅም። እርሻው እንደ ተጣፈ ቡልኮ ተዘርግቷል፤ በየመሐሉ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ክብ ሠርቶ፣ በዛፉ መሐል የቤተ ክርስቲያን ጣራ ይታያል። መድኃኔዓለምን አየሁ። ሚካኤልን አየሁ። ልጅ ሆኜ የተጠመቅሁበትን ማርያምን አየሁ። ልቤ ሞላ። ምን ያህል እንደ ተመለከትኩ አላውቅም፤ ቀና ስል ገብረአብ ቄሴን ትቷቸዋል። የሚያየው እኔን ነው። እኔን ሳይሆን ቀኝ እጄን። እጄ ደረቴ ላይ ነው፤ አሁን ማርያምን ተሳልሞ መመለሱ ነው።

የቄስ ሚስት ነኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስሳለም ኖሬ የራሴን እጅ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

ከእንግዲህ ዓይኔን ብጨፍን ምክንያት የለኝም፤ ሌሎቹን ሁሉ እያየሁ ተሳልሜያለሁ። እጄን ብደብቅ የደበቅሁበትን ቦታ ያውቃል። ወዲያው አይሮፕላኑ ከአፋፉ አልፎ መሬቱ ከሥራችን ተናደ፤ እኛም አብረን ወረድን። የተቃጠለው ቂርቆስ ጥቁር ክብ ሆኖ ታየኝ። ከእሱ ቀጥሎ ቀዩ ገደል መጣ። ገደሉ ላይ ያቺ ጠማማ ወይራ። ከወይራዋ ሥር ጨለማ።

አላስቻለኝም አልልም፤ መቻል አለመቻሉን የጠየቀኝ የለም። እጄ ሄደ። ግንባሬን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አየሁት። ገብረአብም ወደ መስኮቱ ሊዞር አንገቱን ሲያነሣ አየሁ። ጮኽኩና ያንኑ እጅ ከአየር ላይ መልሼ ጉንጩ ላይ አሳረፍኩት። ጥፊው ከሞተሩ በላይ ተሰማኝ።

«ባለጌ! ጉልበቴን ትነካለህ? የቄስ ሚስት ነኝ!»

አልነካኝም። ካፒቴኑ ከፊት ዞር ብሎ አየንና በሳቅ ፈረሰ። ቄሴ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ከንፈራቸው ብቻ ቆመ።

ገብረአብ ጉንጩን ይዞ ቆየ። እኔን አላየኝም። በመስኮቱ ቁልቁል አየ። ገደሉ ገና ከሥራችን ነበር፤ ወይራዋ ገና ነበረች። የደብተራ ልጅ ሞኝ አይደለም። ሌላውን ደብር ሁሉ ስሳለም መጥቼ ምንም በሌለበት ገደል ላይ ስማታ፣ ጥፊው ራሱ ጣት ቀስሮ አሳየው። ይህ የገባኝ ፊቱን ሳየው ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ይረባል?

ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ጉንጩን የያዘው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሩ ወጣ። ከግንባሩ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ትከሻው ተሻገረ። ራሱንም ዝቅ አደረገ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ያደረገውን እሱም ያን ጊዜ ነው ያወቀው መሰለኝ፤ እጁን በሌላው እጁ ጨብጦ ጭኑ መሐል ደበቀው። እስክናርፍ ድረስ ማንኛችንም አልተነቃነቅንም።

ሜዳው ላይ ስንወርድ ካፒቴኑ ገብረአብን አንድ ነገር ጠየቀው። ገብረአብ በጣሊያንኛ ረጅም ነገር መለሰለት፤ በእጁ ወደ ሩቅ ያመለክታል። ካፒቴኑ መሳቁን ትቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምን እንዳለው አልገባኝም። ከሰማይ ከረሜላ እየዘነበ ነበር፤ ሰዉ ተሻምቶ ለቀመ።

ያን ሳምንት አልኖርኩም ማለት ይቻላል። ሞተር በጮኸ ቁጥር እወጣለሁ፣ ወዴት እንደሚዞር አያለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ሊጡ ኮመጠጠብኝ፣ ወጡ አረረብኝ። ወለተ ጊዮርጊስ «ጨፋኙ ደኅና ናቸው?» ብላ ስትተርበኝ እንኳ የምመልስበት ልብ አልነበረኝም። ለቄሴ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ጥፊውን፣ የገብረአብንም መሳለም። «ተሳለመ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ገብረአብ በርሜሉ ላይ ወጣ። ከስቷል።

«ያለፈው እሑድ በረራ በመልካም ተፈጽሟል። ቄሱ ከተነሡበት እስካረፉበት ዓይናቸውን አልገለጡም። ማኅበሩ በዚህ እጅግ ተደስቷል።» ሰዉ ሳቀ። ገብረአብ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «በዚያው በረራ የሽፍታ መደበቂያ ተገኝቷል። ነገ ጧት የማኅበሩ አይሮፕላኖች ቦታውን በቦምብ ይመታሉ፤ ሕዝቡ ድምፁን ሰምቶ አይደንግጥ። ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ጨዋታና ከረሜላ አለ። ንጹሕ ለብሳችሁ ኑ።»

ወደ እኔ አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ አላየም።

እንዴት ቤቴ እንደ ደረስኩ አላውቅም። ያሕያ የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ብርር ብዬ ልሄድ? በእግር አንኮበር ደርሼ ገደሉን እስክወርድ ነገ ጧት ያልፋል። ቄሴ እግር ሥር ወድቄ «ወንድሜን ገደልኩት፣ በእጄ ገደልኩት» እያልኩ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ተንኳኳ። ገብረአብ ነው፤ ብቻውን። ሊያስሩን መጡ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። እሱ ግን የፈረንጅ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«አባ፣ ንስሐ ልገባ ነው» አለ።

ቄሴ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሐና፣ ውጪ።»

«ቄሴ፣ ይህን ሰው...»

«ውጪ አልኩሽ።»

ወጣሁ። አጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ገብረአብ ሲያለቅስ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ቄሴ «ስንት ናቸው?» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ፤ ምናልባትም አልሰማሁም። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፣ መሬት መሬት እያየ። ዘልዬ ገባሁ።

«ምን አለዎት? ነገራቸው? የኛን ዋሻ ነገራቸው?»

«ንስሐ ነው።»

«ወንድሜ ነው እኮ! አንድ ቃል ብቻ። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

«ንስሐ ነው፣ ሐና። ያንቺም ቢሆን ለሌላ አልናገርም።»

ሰደብኳቸው። እግዜር ያውቃል፣ ለባል የማይባል ለቄስም የማይባል ቃል ተናገርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ተቀመጡ። የቀረበላቸውን አልቀመሱም። እኔ ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነው። ካህን የሰማውን ይቀብራል፤ ይህንማ ሳገባቸው አውቄ ነው ያገባሁት።

ጎሕ ሲቀድ ሲነሡ ሰማኋቸው። ተከትዬ ወጣሁ፣ በሩ ጥግ ቆምኩ። ውርጩ ነጭ ሆኖ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ከበራሪዎቹ ማኅበር በኩል ሞተር ማጉረምረም ጀምሯል። ቄሴ እንደ ወትሮው በረንዳው ጥግ ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። አፋቸው ምስጢር ይችላል። እጃቸው ግን ኖሮበት አያውቅም። በማማሰያ የመታሁትን እጅ አፍጥጬ አየሁት።

ወደ አንኮበር ዞሩ። እጃቸው ተነሣ። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። እንደ ሁልጊዜው፣ ሳይቸኩል፣ ደኅና ላደረ ጎረቤት እንደሚሰጥ ሰላምታ። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ፤ ገና አላመንኩም።

ከዚያ ከአንኮበር ፊታቸውን መለሱና ወደ ጣርማ በር በኩል ዞሩ። ወደዚያ ሲሳለሙ አይቻቸው አላውቅም። አሁንም አልተሳለሙም። የእጅ መስቀላቸውን ከብብታቸው አወጡ፣ በሬሳ ላይ እንደሚያደርጉት ሦስት ጊዜ ባረኩ። ከንፈራቸው ፍትሐት ይደግማል። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ወጣ፦ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ።»

አይሮፕላኖቹ ከሜዳው ተነሡ። ከከተማው በላይ አንድ ጊዜ ዞሩና መስቀሉ ወዳመለከተበት፣ ወደ ጣርማ በር ሄዱ።

ገብረአብ ባዶ እጁን ከበረራው ቢመለስ እሱም ይጠረጠር ነበር፤ ለጌቶቹ አንድ ቦታ መስጠት ነበረበት። በሩቅ አየሁ ብሎ ሰጥቷል። የእኛን አይደለም የሰጠው። ብርሃነ መስቀል ተርፏል! እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ቄሴ ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው በእንባ ርሷል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ወዲያው ከሩቅ፣ ከተራራው ወዲያ፣ መሬቱ ተመታ፤ ደግሞ ተመታ።

«እዚያ ማን ነበረ?» አልኳቸው።

«ንስሐ ነው» አሉኝ፣ ገብተውም በሩን ዘጉ።

መንገዱ ሲከፈት ያሕያ በርበሬውን ጭኖ መጣ። ወንድሜ ደኅና ነው፣ ታቦቱም ከቦታው አልተነሣም፤ አልሐምዱሊላህ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጣርማ በር በኩል የሰማውን ሊነግረኝ ጀመረ። ሳይጨርስ ከበርበሬው አንዱን አንሥቼ ሰበርኩና አሸተትኩት፣ ዘንድሮ ደግሞ እንዴት ያቃጥላል አልኩት።